ማጉያ

ማክሰኞ ሲነጋ፣ ልጄ ከአልጋ ሳይወርድ፣
«አባ፣ ዓይኔ ተቆለፈ» አለኝ፣ እንደ መቀለድ።
እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው፣
ሽፋሽፍቱን አጣብቆ ቢጫ ዓይናር ነው የያዘው።
የተከፈተውም ቢሆን ነጩ ነጭ አይደለም፣
ከዳር እስከ ዳር ወርሶታል ያ ክፉ ቀለም።

በግቢያችን፣ እዚህ ሠራተኛ ሰፈር፣
ቀይ ዓይንን ማየት ነው የሚፈራው ነገር።
«አትዩት፣ ይጋባል!» ብለው ልጆቻቸውን ጠሩ፤
ትናንት አብረውት የተጫወቱት ፊታቸውን አዞሩ።
ብዩን በኪሱ እያንኳኳ፣ ከደጃፍ ሳይወጣ፣
እንየው ተብሎ ተሰይሞ፣ የሚያየው ሰው አጣ።

ስንቅነሽ ግን መጣች፣ የስድስት ወር ልጅ ታቅፋ፣
«ሁለት ጠብታ ከጡቴ…» አለች፣ በሙሉ ተስፋ።
«ይህስ የልጅሽ ነው» አልኋት። ሄደች፣ ሳትመርቀኝ።
ደግ ሰውን እምቢ ማለት ነበር ያስጨነቀኝ።

ጤና ጣቢያው ወረፋ፤ ከእኛ ፊት ሰባት እናት፣
ሰባቱም ልጅ ዓይኑን ያሻል፣ በገዛ እጁ፣ በጣት።
ሲስተር ሐዋ ጓንቷን አጥልቃ፣ ዓይኑን ገልጣ አየችው፤
የሰፈሩን ወሬ ስነግራት በሳቅ ተቀበለችው።
«በማየት ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ስንቴ በታወርሁ!
የሚያጋባው እጅ ነው» አለች።
እጄን ኪሴ ሸሸግሁ።

«ውኃ አፍሉና አቀዝቅዙ፤ በንጹሕ ጥጥ ጥረጉ፣
ከአፍንጫው ወደ ጆሮው፤ ያንኑ ጥጥ ለሌላው ዓይን አታስጠጉ።
ፎጣው ለብቻው ይሁን፣ ጠብታውም ለብቻው፤
ድኗል ብላችሁ አትተዉ፣ ይድረስ እስከ መጨረሻው።
ዓይናሩ እስኪደርቅ ድረስ ከመዋለ ሕፃናት ይቅር፤
ብዩንም እጠቡት፣ እጅ ለእጅ ነው የሚዞር።
ዓይኑን አጥብቆ ካመመው፣ ብርሃንም ቢጠላ፣
በዚያው ዕለት መልሱልኝ፤ እሱ ነገር ነው ሌላ።»

እጅ መታጠብ ይቀላል፣ ለባለ ውኃ ሰው፤
የእኛ ቧንቧ ሌሊት በዘጠኝ ነው ጉሮሮውን የሚጠርገው፣
በሳምንት ሁለት ቀን።
ጀሪካኔን ደርድሬ ጠበቅሁ፤ ያን ሌሊት አልተኛሁም፤
ጠብታ እንዲህ ዜማ እንዳለው ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ከፒያሳ በረንዳ ሥር፣
ዓይኔ ውስጥ ማጉያ ሰክቼ የምውል፣ ጥርስ ስቆጥር።
ሐሙስ፣ ከወንበሬ ላይ፣ የአንዲት ሴት ሰዓት ከፍቼ፣
ቀኝ ዓይኔ ቆረቆረኝና አሸሁት፣ ረስቼ።
አቧራ ነው ብዬ፣ ማታ መስተዋት ባይ፣
የልጄ ዓይን አፍጥጦብኛል ከገዛ ፊቴ ላይ።

ፎጣውን ለይቼ ነበር፣ ትራሱን፣ ኩባያውን፤
ምን ረሳሁ? እያልሁ ቆየሁ፣ ሳስስ ምክንያቱን።
«አባ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሰኞ ሱቅ ስውል፣
በማጉያህ ጉንዳን አየሁ፤ ዝሆን የሚያክል!»

ሰኞ እሱ። ማክሰኞ እኔ።
ረቡዕ ከድር ተዋሰኝ፣ ለአንድ ደቂቃ ብሎኝ፤
ማግስቱን መርሻ ወሰዳት፣ እየቀለደ፣ አስቆኝ።
ቅዳሜ በረንዳው ቀላ፤ ሦስት ሰዓት ሠሪ፣
ሦስቱም ዓይኑ ያበጠ፣ ደንበኛ አባራሪ።
አንዷ «ሌሊቱን ስትጠጡ ነው ያደራችሁት?» አለች፤
ሰዓቷን ቦርሳዋ ከትታ ወደ ቸርችል ወረደች።

ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ማን ያውቃል መነሻውን?
ነገርኋቸው። አወጣሁ ጥጡን፣ ሳሙናውን፣
በቴርሞስ ያመጣሁትን አፍልቼ ያቀዘቀዝሁትን ውኃውን።
ከድር ሳቀ፤ መርሻ ግን ሦስት ቀን አኮረፈ።
ማጉያ የሌለው ሰዓት ሠሪ፣ ሰዓቱ እንዴት አለፈ!

በስምንተኛው ቀን ልጄ ዓይኑን ያለ ጥጥ ከፈተ።
ስንቅነሽ ከበሯ ወጥታ፣ አተኩራ አየችው፤
«እንየው!» አለች። ስሙን ነው፣ ወይስ እንይ ነው ያለችው?
እሱ ግን አልመለሰም፤
ሁለት እጁን ዘረጋላት፣ ከነአረፋው።