የቀኙ በር

በሊብሬው ላይ ዕድሜዋ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤
ሞተሯ ግን በጠዋቱ፣ ከእኔ ዘግይቶ ይነሳል።

ማርቼዲስ ናት። ጥቁር ነበረች ይላሉ፣ በደጉ ጊዜ፤
እኔ ሳውቃት፣ ፀሐይ ላይ ቡላ፤ ዝናብ ሲነካት፣ መልኳ ትካዜ።
ፈረንጅ አራዳ፣ ሐጂ አባመጫ ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ስር
ዘጠኝ ክረምት ቆማ ነበር፣
ኮፈኖዋ ላይ ዶሮ ሲያድር።

እቁቡ ሲወጣልን፣ የረውዳ ሐሳብ ሌላ ነበር፤
"ቪትስ" አለች፤ "ካልሆነም ባጃጅ፤ ባጃጅ ቢያንስ ይከፍላል ብድር።"
"ሦስት ልጅ አለን፣ እናትሽም አሉ፤ እግር የሚያዘረጋ ይሁን።"
ሳቀች፦ "እናቴን ተዋት፤ ይልቅ እውነቱን ንገረኝ አሁን።"

እውነቱማ፣
አዌቱ ዳር መኪና አጥቤ ነው፣ ደብተሬን የገዛሁት፤
በእንዲህ ያለች መኪና በር ነው፣ ፊቴን አጥርቼ ያየሁት።
ይሄ ለማን ይነገራል?
ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሰማችው መሰል፣
ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሰጠችኝ።

አጂፕ ያለው ሙዘይን፣ ከስሯ ገብቶ ተኛ፤
እግሩ ብቻ ይታየናል፤ ቃሉ ይወጣል እንደ ዳኛ፦
"ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ማርሚታው ተበስቷል፤
ቴስታታው ጤና ነው፤ ኩሽኔታው ግን ሞቷል።"
ወጣና እጁን በናፍጣ ታጠበ፦
"ግዛት። ደመወዝህን ግን አጠገቧ አትጥራ።"

ሐጂ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ መዳፌን በሁለት እጃቸው ይዘው፣
"በቀኝ ያውላችሁ!" አሉን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።
አሚን አልን።

የቀኙ በር ከውስጥ አይከፈትም።

እጀታው ይላወሳል እንጂ መልስ የለውም፣
እንዳላጠና ተማሪ ምላስ።
ዕቃው አዲስ አበባም ታጣ። ሙዘይን "ዱባይ" አለ፤ ቀጥሎ "ኢንሻአላህ"፤
ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ሲላቸው፣ ነገሩ ገባኝ።

እናም በየደረስንበት፣ ሞተር አጥፍቼ እወርዳለሁ፤
በኮፈኖዋ ፊት ዞሬ፣ ጭቃውን እዘላለሁ፤
የረውዳን በር እከፍታለሁ።
ሐሙስ፣ ሂርማታ ገበያ፣ ጎመን ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤
"አንቺ፣ ይሄን ባል ከየት አገኘሽው?" አለች።
የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከወንበሩ ይነሳል።
የአክስቴ ልጅ ሚስት ከባሏ ጋር ሦስት ቀን ተኳረፈች፣ በእኔ ሰበብ።
ረውዳ አታስተባብልም፤ ሻሿን ታስተካክላለች፣
አንድ እግሯን ታወጣለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣
ያላየ ካለ እንዲያይ።

ነሐሴ ላይ ተጣላን። ስለ ጎማ ይሁን፣ ስለ ልጆቹ ክፍያ፣ ረሳሁት።
ልጆቹ ተግተልትለው ወረዱ፤ እኔም በሬን ድው አድርጌ ገባሁ።
ሻይ ጠጣሁ። ዜና ሰማሁ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው፣ ትንሿ ሲፈን
"እማዬስ?" አለች።

በመስኮት አየሁ።
በእኔ በር መውጣት ትችል ነበር፤ ክላክስ መንፋት ትችል ነበር።
ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ ዓይኗ ፊት ለፊት፣
ገና መንገድ ላይ እንዳለ ሰው ተቀምጣለች።
ያለ ጃንጥላ ወጣሁ።
በኮፈኖዋ ፊት ዞርኩ። ከፈትኩ።
አንድ እግሯን አወጣች፤ ትንሽ ቆየች።
"ዘገየህ" አለች።

ጥቅምት ላይ ሙዘይን ደወለ፤ ዕቃው ተገኝቶ፣
ከዱባይም አይደል፣ ከአጋሮ፣ ከሞተች እህቷ ጎን ተፈትቶ።
"ነገ አምጣትና ልግጠመው፣ ግማሽ ሰዓት ነው" ሲለኝ፣
ረውዳ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፦
"እሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ፍሬኑን ሥራው" አለችው።

ፍሬኑ ደህና ነው።