የአባቷ መለኪያ

የተምሩ ዝንጣፊ ሁፉፍ ላይ ሲቃጠል
ሰባት ዓመት አየሁ፣ ጭሱ ሲንጠለጠል።
እኔ ነበርኩ ቆራጭ፣ ወገቤ በገመድ
ከግንዱ ተጣብቄ፣ በእጄ ስል ማጭድ።

ዛሬ ነጭ ጋዎን አልብሰውኝ ቆሜ
በግራም እሰፍራለሁ፣ ያንኑ ዝንጣፊ ፈጭቼ፣ አልሜ።
ክሩ ግን አይፈታ፤ ስኳር በስኳር ላይ ተጎንጉኖ ታስሯል፣
በር የለው፣ መስኮት የለው፤ ውሃ እንኳ ነክቶት ያልፋል።

ዶክተር ቡዱር ሦስት ኢንዛይም አሰማራች፤
ወገብ በጣሽ፣ ጫፍ ቀርጣፊ፣ ጥንድ ፈልቃቂ ብላ ስማቸውን ጠራች።
ዋኙ በየፊናው። አንዱ በከፈተው ሌላው እስኪደርስ
ቀዳዳው ይዘጋል፣ ክሩ ሲመለስ።

ከዚያ አንድ ፕሮቲን፣ እንደ ቀንበር ረዥም፣
ሦስት መንጠቆ ያለው፣ እሱ ግን የማይቆርጥ፣ እሱ የማያኝክም፣
ጎን ለጎን ጠምዶ እንዲያውላቸው
በጂን ፊደል ጻፈች። ስድስት ወር ፈጀባት፤ አራቴ ፈረሰ ጥማዳቸው።
«ድር ቢያብር…» ብላት፣ ተረቱን በአረብኛ ሰባብሬ፣
«ማሰሩን ተወው፣ ለመፍታት ነው» አለች፣ እየሳቀች ባነጋገሬ።

ማሞቂያው ስልሳ ዲግሪ፣ ውጭው አርባ ስምንት።
ማሽናችን አርብ ማታ ሞተ፤ ጠጋኝ ለእሁድ ቀጠረን።
ቡዱር የአባቷን የስኳር መለኪያ
ከቦርሳዋ አውጥታ «ይሄስ?» አለችን።

ጠብታ አስነካናት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ።
እቤታቸው ቢሆን የእናቷ ፊት ይህን አይታ በገረጣ።
ቡዱር ግን እልል አለች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ አጨበጨበች።

እኔ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ማዶ እርሻው ላይ ጭስ ይታየኛል፤
ሰባት ዓመት ሙሉ ስኳር ሳነድ ነው የኖርኩት ለካ፣ ማን ነግሮኛል?