ሦስት ሰባተኛ

ኮዬ ፈጬ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሲምቦ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
እኔ እርሳስ እየቀረጽኩ፣
ክፍልፋይ እናቃልላለን ማታ ማታ።

«ስድስት ስምንተኛ?»
ለሁለት አካፍዪው፤ ላዕሉ ሦስት፣ ታህቱ አራት።
ቁጥር ሲቀል ደስ ይላታል፣
አራተኛ ፎቅ ደርሳ
የውሃ ጀሪካን ከጀርባዋ እንዳወረዱላት።
«ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ስድስተኛ?»
ያው ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሦስት አራተኛ።

ከዚያ አንዱ ላይ ቆመች።
በሁለት ሞከረች፣ በሦስት ሞከረች፣
ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበሳው።
«ጋሼ፣ ይሄ እምቢ አለ።»
እምቢ አላለም፣ በቃው።
ሰባት ብቸኛ ቁጥር ነው።
«ብቸኛ? ሰው የለውም?»
አለው፤ አንድ አለው፣ ራሱም አለው።
«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

ዝም አልኩ።

አባቷ ኦቦ ደቻሳ በሩ ላይ ናቸው፣
የጥበቃ ካፖርት ደርበው፣ ዱላቸውን አቅፈው።
መኪና የምናቆምበት አውድማቸው ነበር።
የእኔ ቤት፣ ባለ ሁለት መኝታው፣
ከሽምብራቸው ማሳ በላይ
አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ካሳውን ሲያወሩኝ ጣታቸውን ያጥፋሉ፦
በካሬ ተባዛ፣
ለሰባት ወራሽ ተካፈለ፣
ለባጃጅ ተቀነሰ፣ ለወንድም ቀብር ተቀነሰ፤
ባጃጁም ቂሊንጦ ላይ ተገለበጠ።
ዜሮ ገባ፣ አበቃ ስል
«ቀሪ አለ» ይላሉ።
ምን ቀረ?
በዱላው ጫፍ አስፋልቱን ነካ ያደርጋሉ፦
«ኮቲቻ።»

ያ ጥቁር አፈር
ክረምት በገባ ቁጥር ከሥር ይነፋል፣
በጋ ሲሆን ይሸሻል፣
አስፋልቱ እንደ ደረቀ ከንፈር ይሰነጠቃል።
ማዘጋጃ ቤት ይመጣል፣ ይደፍናል፣ ይሄዳል።
እሱ ግን ማሳነቱን አልተወም።

እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣
ቢሮ ቁጭ ብዬ እኚህን ሰው አቅልያቸዋለሁ፦
«የልማት ተነሺ።»
ሁለት ቃል። ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር።
ተነሺው ይኸው፣
በሬ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ! መልሱ ጋ ምን ልጻፍ?»
ራሱን።
«ጥያቄውን?»
አዎ፣ እንዳለ።
ጻፈችው፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣
ቀጣዩ ገጽ ላይ እስኪታተም ተጭና።

መብራት ሄደ።
ውጭ የኦቦ ደቻሳ ባትሪ በራ፤
መኪኖቹን አንድ በአንድ አየ፣
ስንጥቁ ላይ ትንሽ ቆየ፣
ከዚያ አለፈ።