ተ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ገና ሳይገፈፍ፣
ከሱቄ በር ቆመ የደንበኛ ሰልፍ።
ባለ ፎቶ ኮፒ ነኝ፣ ሸዋ በር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፤
የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ደብተር፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያን፣
ሁሉን አትማለሁ፣ አልመርጥም ቀኑን።
ዛሬ ግን የሁሉም እጅ የያዘው አንድ ፊት፤
የእብሬ ካሳዬ ነው፤ ትናንት ከምሽቱ በሦስት ሰዓት
ቧንቧ ውሃ መውረጃው ላይ በጥይት የመቱት።

«አሳድጊልኝ ጦይባ» አለኝ የባጃጁ ልጅ፣
«የፊት መስታወቱን ይሸፍነው።»
«መንገዱን በምን ልታይ?»
«እስከዛሬስ እሱ አልነበር የሚያይልን?»
መልስ አጣሁ። በትልቁ አወጣሁለት፤
ከፎቶው ሥር «ተገደለ» ብዬ ጻፍኩበት።

ጋሽ አራጋው ሃያ አዘዙ፣ በቀለም፣ በወፍራም ወረቀት።
ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደፍ ላይ ቆመው
«ይሄን ልጅ ምላሱ ይበላዋል» ያሉት እሳቸው ናቸው።
አላስታወስኳቸውም።
ድፍን ሁለት መቶ ሰጥተው፣ መልሱን ሳይቀበሉ ሄዱ፤
ኮፍያቸውን ረስተው፣ እየተደናቀፉ ወረዱ።

አንዲት ልጅ የጉርድ ፎቶ መጠን ብቻ ፈለገች።
ምኑ ነሽ አላልኳትም።
በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ፣ በሳንቲም ከፈለች።

ረፋዱ ላይ ከተማው ጮኸ።
የሆጤ ተማሪዎች ወደ ፒያሳ ጎረፉ፣
ጎማ ነደደ፣ ፓትሮሉ ሁለቴ ተመላለሰ።
መዝጊያዬን እስከ ግማሽ አወረድኩ፤
ከሥሩ እግር ብቻ ነው የሚታየኝ፤
ነጠላ ጫማ፣ ሸራ፣ ከስክስ፣ የማን እንደሆነ ማን ይለየኝ።
ጫማዎቹ ሲከራከሩ ሰማሁ፦
«በእናቱ የእኛ ነው።»
«ካሳዬ ማን ሆነና? በአባቱ የእኛ!»
«የፓርቲያችን አባል ነበር።» «ውሸት፣ ጥሎ የወጣ።»
ሬሳው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ፣
እንደ ሰኞ ገበያ በግ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ቆጠሩ።

እሱኮ ሲመጣ የሚያመጣው ዝርዝር ነበር፤
የታሰሩ ልጆች ስም፣ አርባ አንድ ገጽ፣
በፊደል ተራ እንጂ በወገን ያልተከፈለ።
«ዱቤ ያዢልኝ» ይለኛል። እይዛለሁ።

ቀትር ላይ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ።
«ተገደለ የሚለውን አውጪው» አለኝ፣ አልተቆጣም፣
«ሕይወቱ አለፈ በይ። ለሁላችንም ይሻላል።»
አለፈ።
አለፈ የሚባለውማ የወልድያ አውቶቡስ ነው፣
መናኸሪያ ዘግይተሽ ስትደርሺ።

ሰውየው ሲወጣ ስክሪኑን አየሁ።
ተገደለ፤ አራት ፊደል።
«ተ» ከፊት ቆማለች፣ እንደ በር መጋረጃ፤
ከኋላዋ የሚተነፍስ ሰው አለ፣
እግሩ እንኳ አይታይም።
ጣቴን አሳረፍኩ። አንዴ ተጫንኩ። መጋረጃዋ ወደቀች።
ገደለ።
ዓረፍተ ነገሩ ባለቤቱን ጠየቀኝ።
እንደ ቀበሌ ቅጽ ነጥብ ደረደርኩለት፦
«.................... እብሬ ካሳዬን ገደለ።»
መቶ አተምኩ። ሒሳብ አልጠየቅሁም።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ግድግዳው ሁሉ ነጥብ ሆኖ ነበር።
ከዚያ ዝናብ መጣ፣ የደሴ ዝናብ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ፤
ቀለሙን አጥቦ ወደ ቦርከና ወሰደው።
ማንም ስም አልሞላም።
ያላነበበ ግን አልነበረም።

ልዘጋ ስል ባለ ጃኬቱ ተመለሰ፣ ርሶ፣ አንዷን ወረቀት ይዞ።
«እስክሪብቶ አለሽ?»
ሰጠሁት።
ነጥቦቹ ላይ ጎንበስ አለ፤ ቆየ፤ ከፀጉሩ ውሃ ጠብ ይላል።
ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
«ቀለም ጨርሷል» ብሎኝ ወጣ።

የዱቤ ደብተሩን ገለጥኩ።
እብሬ፣ አርባ አንድ ገጽ፣ ያልተከፈለ።
ከስሙ ጎን ጫር አደረግሁበት።
ይጽፋል።