ቦታ ያዥ

መጽሐፉ ሲያስተምር፣
«መድኃኒት ቁልፍ ነው፣ ተቀባዩ ጓጉንቸር።»
እኔ ግን ያየሁት፣
ከአራት ኪሎ ሰልፍ እግሬ እስኪዝል ቆሜ ማታ የታዘብኩት፣
ተቀባይ ወንበር ነው፤
የታክሲ ወንበር፣ ከኋላ ጥጉ ላይ፣ ስፖንጁ የወጣ፣
ማን እንደሚይዘው የማይታወቅ፣ ሰው በሰው ላይ ሲመጣ።

ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል፣
አርባ ሺህ ሞለኪውል
በኮምፒውተር አስገባሁ፣ አንድ በአንድ፣ ወደዚያች ቀዳዳ፤
አንዱ ጎኑ ሰፍቶ፣ አንዱ ክንዱ ረዝሞ፣
ከደጅ ተመለሰ፣ እንዳልጠሩት እንግዳ።
ሌሊት መብራት ሄደ፣ ሰማንያ ሰባት ከመቶ ሲደርስ።
ሦስት ቀን የቆጠርኩት ፈረሰ፤ ደግሞ ወደ ሀ መመለስ።

ከዚያ በአንድ ሐሙስ
ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፦ ኔጌቲቭ አሥር ነጥብ አራት።
ዘለልኩ። እናቴ ጋ ደወልኩላት።
«ከዜሮ በታች ነው? ታዲያ ምኑ ነው የሚያስደስት?»
«እኛ አገር፣ እማዬ፣ ሲወርድ ነው ከፍታው፤
በጣም የቀነሰው በጣም ነው የያዘው።»

ኢክራም ምድር ቤት ናት፤ ጓንትና ፒፔት፣ ባልዲ ሙሉ በረዶ፤
እኔ ያመንኩትን እሷ ናት የምትነግረኝ፣ ምሥራች ወይ መረዶ።
ሁለት ሳምንት ቆይታ
ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ያለው ሳህን ይዛ ደረጃውን ወጣች፣ በዝግታ።
«ልጅሽ ገብቶ ነበር። ግን ወዲያው ወረደ፤ አልቆየም ለአፍታ።
ይልቅ ጠይቂኝ ያንን የናቅሽውን፣ ሰባት ነጥብ አንዱን፤
ሦስቴ አጥቤዋለሁ፤ ሙጭጭ ብሎ ቀረ፣ እምቢ አለኝ መውረዱን።»

ማታ ተራ አስከባሪው፣ ጋሽ ዘርጋው፣ ከሰልፉ ለይቶ ጠራኝ፤
ከካፖርቱ ኪስ የግፊቱን ኪኒን አውጥቶ እያሳየኝ፣
«አንቺ የመድኃኒቷ ልጅ፣ ይህቺ ነገር ገብታ ምንድነው ሥራዋ?»
«ቁጭ ማለት» አልኩት። «ቁጭ ብላ ዝም ማለት፣ ይኸው ነው ሙያዋ።
ያ ልብ የሚያስሮጠው፣ የድንጋጤው መልእክተኛ፣ ሲመጣ በደም ሥር፣
ወንበሩ ተይዟል፤ ዕጣው ነው ደጅ ማደር።»

ሳቀ። «ሒሳብ የማይከፍል፣ የትም የማይሄድ፣ ሌላም የማያስቀምጥ!
ይሄማ በየቢሮው ሞልቷል፤ አዲስ ነገር አምጪ፣ ከዚህ የሚበልጥ።»
ከዚያ ዝም አለ፣ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይነፋ፣
አንድ ሃይገር ሞልቶ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ በጭሱ ውስጥ እስኪጠፋ።
«ቆይ ግን» አለኝ፣
«መቼ ነው የምትወርደው?»

አርባ ሺውን ሳስገባ ያላሰብኩትን፤
ምን ያህል ይይዛል እንጂ፣ ምን ያህል ይቆያል ብዬ ያልለካሁትን።

«አላውቅም» አልኩት። ተራዬ ደርሶ ነበር፤ ከኋላ ሰው ይገፋል፤
ወያላው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።
ከሰልፉ ወጣሁ። በግቢው በር ተመለስኩ፣ ወደ ምድር ቤት።
ኢክራም አልሄደችም። ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ፣
ዓይኗ ከሳህኑ ወደ ግድግዳው ሰዓት፣
ደብተሯ ላይ በእርሳስ፦

አንድ ከሩብ፦ አለ።
አንድ ተኩል፦ አለ።
ለሁለት ሩብ ጉዳይ፦