የአንገትጌው ምልክት

የሦስት ወር እጥበት ዕዳ ነበረብኝ፣
ቬላያን ግን አንድ ቀን ክፈል አላለኝ።
ያፈርኩት እኔ ነኝ። «ገንዘብ የለኝም» አልኩት፣
«ድረ ገጽ ልሥራልህ፤ ዕዳዬን ሰርዝበት።»
የካውያውን ከሰል በትንፋሹ እያጋለ፣
«ገጽ?» አለኝ ቀና ሳይል፣ «የማንን ፊት?» አለ።
እውነት ለመናገር ስሙ ራሱ ያስቃል፤
ድር ያለ ማግ ዘርግቶ ልብስ ማን ይሸምናል?

በፔናንግ ደሴት፣ ጆርጅታውን ከተማ፣
የወደቡ ጩኸት ሌት ተቀን ሚሰማ፣
በሁለት ሱቅ መሐል የተሸጎጠ በር፤
ሰሌዳም የለውም፣ ቁጥርም አልነበር።
የሚያውቀው ያውቀዋል በሳሙናው ሽታ፣
ቱቦው በሚተፋው ሰማያዊ ጠብታ።

ማታ ማታ መጣሁ ላፕቶፔን ታቅፌ፣
በቅርጫቶች መሐል ወንበር ስቤ አርፌ።
«ዋጋስ?» ብዬ ጀመርኩ። «ሸሚዝ ሁለት ሪንጊት፤
ሳሪ እንደ ጨርቁ፤ የሐዘን ከሆነ ምንም አልወስድበት።»
«የሥራ ሰዓትስ?» «ፀሐይን ጠይቃት።»
«ዝናብ ከመጣማ?» «ያን ቀን ሻይ ነው ያለው።»
ይህን በምን ሠንጠረዥ፣ በየት በኩል ልጣለው?

ልጁ ቴንሞዢ ግን ከባንክ ሥራ ውላ
መጣችና አየችው ስክሪኑን ከኋላ፤
«ፎቶ አውርድ» አለችኝ፣ «የታጠፈ ፎጣ፣
ከጎኑ አበባ፣ ሰው ዐይቶት የሚመጣ።»
አባቷ ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየና፣
«የማን ነው ይህ ፎጣ? አላውቀውምና
እኔ ያላጠብኩትን አጥቤያለሁ አልል፤
ባለቤቱ ቢመጣ ምን ብዬ ልቀበል?»

በማግስቱ አወጣ የቆርቆሮ ሣጥን፣
መርፌና የማይለቅ የፍሬ ቀለምን፤
በየአንገትጌው ሥር፣ በየሱሪው ወገብ
ሌላ የማይፈታው ሰረዝና ነጥብ።
«ሁለት ነጥብ ካለ የሐኪሙ ነው ግርጌው፣
ይኸ ማጭድ ደግሞ ያሣ ሻጩ አንገትጌው፤
አድራሻ ያልከኝ ይኸ ነው፤ አርባ ዓመት ስጽፍ
የአንዱ ካልሲ እንኳ ወደ ሌላው ቤት አያልፍ።»

ከዚያም ከመደርደሪያው ከላይኛው እርከን
አወረደ በላስቲክ የተሸፈኑትን፤
«ይኸ የተማሪ ነው፤ ዛሬ ጢም አብቅሏል፣
ይኸ የመርከበኛ፤ እመለሳለሁ ብሏል፤
ይኸን ያመጣችው ነፍሰ ጡር ነበረች፤
ልጇ ይሄኔ ያነባል፤ እሷ ግን የት አለች?
ከዋጋው በፊት እነዚህን አስቀድም፤
ያጠብኩትን ሳልመልስ ሌላ ሰው አልጠራም።»

እንዳለኝ ሠራሁት፤ ያልመጡትን ከላይ፣
ስልኩንና ዋጋውን ከካርታው ግርጌ ላይ።
ጎብኚ ቆጠርኩ ሳምንቱን፦ በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ አንድ፣
ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ላይ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ።
ቴንሞዢ ሳቀችና «አባቴ ነው» አለችኝ፣
«መጡ እንደሆን ሊያይ ነው፤ ዛሬም ቀሰቀሰኝ።»

የመጨረሻው ቀን ሸሚዜን አቀበለኝ፣
አንገትጌው ውስጥ ያለው ምልክት ገረመኝ፤
ወደ ቀኝ አፉን የከፈተ ማዕዘን፣
ኮድ ስጽፍ በየመስመሩ የምጀምረውን!
በእኛ ሙያ ደንብ ነው፤ የተከፈተ ይዘጋል፣
አንዷ ከተረሳች ገጹ ሁሉ ይዛባል።
«ምን ማለት ነው?» አልኩት። «የቁራ ጫጩት አፍ ነው፤
ሁልጊዜ ይከፍታል፤ መክፈል ነው የቸገረው።
ዕዳህ ተሰርዟል፤ ልዝጋው ወይ?» አለና
መርፌውን ከቀለም ነክሮ አነሣና
ሲጠብቀኝ ቆየ። «ተወው» አልኩ። ዝም አለ፤
ያኔ ዝናቡ መጣ እየተንከባለለ።
አንሶላ ልናወርድ ሦስታችን ሮጥን፤
ገጹ «ክፍት ነን» ይላል፤ እኛ ሻይ አፈላን።