ከላይ ወደ ታች

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበት ቤት፣
ከፎርምወርክ የተረፈች አንዲት ክንድ ጣውላ ናት
ልጄ ሀሴት ቀኗን የምታነብባት።

እኔ ነኝ የላግኋት።
መምህርት ወይንሐረግ፣ «አቶ ደምሰው፣
ሹል ጠርዝ አይኑራት፣ ቀለሟም አይብዛ፣
አምስት ቦታ ይበቃታል» ብላ ስላዘዘችኝ
ሦስት ማታ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኋት።
ከጠበባት ጫማ ላይ ቬልክሮውን ተርትሬ
በየካርዱ ጀርባ በማስቲሽ ለጠፍኩ።

የኔ ፎቶ። ጫማ። ሰማያዊ ሚኒባስ።
ዳቦ በማር። እንቅልፍ።
ያለፈው ይነቀላል፣ ጭርር፤
ከሥር በሚስማር ወደሰቀልኩት የወተት ጣሳ ይወድቃል፣ ቀጭ።
ያ ድምፅ ለሷ «አለቀ» ማለት ነው።

«ልጅን በሥዕል ያስራሉ እንዴ?» አሉኝ እትዬ ዘርትሁን
ደረጃው ላይ፣ ጄሪካናቸውን አሳርፈው።
ምን ልበላቸው?
አናጢ ነኝ። ያለ ውሃ ልክ በር ገጥሜ አላውቅም።
ለሷ ዓለሙ ወለሉ ያዘመመ ቤት ነው፤
ይህች ጣውላ ውሃ ልኳ ናት።

አንድ ሐሙስ ግን ሚኒባሱ ቀረ።
በቱሉ ዲምቱ በኩል መንገዱ ተቆፍሮ፣
ሥዕሉ «ይመጣል» ይላል፣ አስፋልቱ ባዶ።
እጇን ነከሰች፣ ግንባሯን ከብረት በሩ ጋር አጋጨች።
እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጮህኩባት።
ጩኸት ጣውላው ላይ ቦታ አልነበረውም።

በማግስቱ ወይንሐረግ አንድ ካርድ ሰጠችኝ፣
ብርቱካናማ፣ ምንም ያልተሳለበት።
«ይህ ‹ተለወጠ› ነው።
ችግር ሲመጣ ብቻ እንዳታወጣው፣ ትጠላዋለች።
ደስ በሚል ቀን አስለምዳት፤
በዳቦ ፈንታ ሙዝ፣ በሙዝ ፈንታ ዥዋዥዌ።»

አስለመድናት። ስድስት ሳምንት።
አንዳንዱ ሳምንት ወደ ኋላ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለወይንሐረግም አልነገርኳት፦
ማለዳ ከቤት ስወጣ
ፎቶዬ ጣሳው ውስጥ ይወድቃል፣ ቀጭ።
አለቅኩ ማለት ነው።
ማታ ስመለስ ተኝታ ነው የማገኛት።

ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ሌሊት፣ መብራት የለም፣
እናቷ ሻማ ይዛልኝ ጫማዬን ሳስር፣
ሀሴት ተነስታ እጇን ጣሳው ውስጥ ከተተች።
ፈለገች። ካርዶቹ ተንኳኩ።
ብርቱካናማውን ለጠፈች፤
ከሥሩ፣ ከእንቅልፍ በላይ፣
የኔን ፊት።
አላየችኝም።
በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ እስኪይዝ።

አስር ሰዓት ላይ ፎርማኑን ፈቃድ ለመንኩ።
«ምን ሆነህ?» አለኝ። «ተለወጠ» አልኩት።
ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ፤
ጣውላው ላይ ተራዬ ደርሶ ነበር።